የዶን ቼንቾ የእሸት ድስት

ትራንሲቶ ነገሯን የጀመረችው ገና በሩን ሳትዘጋው ነው።

«ቼንቾ፣ የዘንድሮን እሸት እኔ እሠራዋለሁ። አንተ በዚህ እንዳትጨነቅ።»

ቼንቾ የምንለው ክሬሴንሲዮ ሚስቱን ከአልጋዋ ወደ ወንበሯ እያሸጋገረ ስለነበር ወዲያው አልመለሰላትም። ኒካኖራን ቀስ አድርጎ አስቀመጣት፤ የማይታዘዛትን ቀኝ እጇን አንስቶ ጭኗ ላይ አኖረላት፤ ሻርፗን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት። ከዚያ ቀና አለ።

«የተጨነቀ ሰው አየሽ?»

«ሚካኤል ደረሰ እኮ። እህቴም እንዲህ ሆና...» ትራንሲቶ ወደ ኒካኖራ በአገጯ ጠቆም አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እህቷ ያጣችው አንደበቷን እንጂ ጆሮዋን እንዳልሆነ የረሳች ትመስል ነበር። «ሰው ሁሉ ችግራችሁን ያውቃል። ማንም አይቀየምም።»

«ከዚህ ቤት ድስት ይወጣል።»

«ማን ሠርቶት?»

«እኔ።»

ትራንሲቶ ሳቋ አመለጣት። «አንተ? እንቁላል ስትጠብስ ጎረቤት ባልዲ ውሃ ይዞ የሚሮጥልህ ሰውዬ?»

«አንድ ጊዜ ነው የሮጡት።»

«ከዚያ ወዲያማ እንቁላል አልጠበስክም!»

እኔ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም እሰማ ነበር። የቼንቾ አበልጅ ነኝ፤ የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲው ጡረታ ወጥቼ ወደ መንደር ከተመለስኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምቀመጠው እነርሱ ግቢ ነው። ትራንሲቶ ስትወጣ ፊቷን አየሁት። ተንኮል አልነበረበትም። የምትወዳት እህቷን ሸክም ልታቀልል መጥታ በሩ የተዘጋባት ሴት ፊት ነው። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነበር። ክፉ ሰውን እንቢ ማለት ቀላል ነው።

ለሌላ አገር ሰው ስለ አንድ ድስት በቆሎ ይህን ያህል መሟገት የልጅ ነገር ይመስለው ይሆናል። በእኛ መንደር በቅዱስ ሚካኤል ዋዜማ ከቢጫ አበባ የተሠራ መስቀል በየእርሻው ማዕዘን ላይ ይተከላል። መልአኩ ሲያሳድደው ሰይጣኑ በበቆሎው መሃል ነው የሚሸሸው፤ መስቀል የሌለበት እርሻ ካገኘ ረጋግጦ ያስተኛዋል። ስለዚህ መስቀሉ ሳይተከል ከእርሻ አንዲት እሸት አትቆረጥም። በማግስቱ ግን ሁላችንም እርሻ እንወጣለን፤ እሳት ይነዳል፣ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድስት ይዞ ይመጣል። የአንዱ ቤት ባቄላ ነው፣ የሌላው አረንጓዴ ወጥ። የእነ ኒካኖራ ቤት በክሬምና በማዮኔዝ የተለወሰ እሸት ነው፤ አይብ ይነሰነስበታል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ በተጠበሰ ቂጣ እየተጠለቀ ይበላል። እሸቱም ከራስ እርሻ ነው። የሰው እሸት በራስ ድስት አይገባም።

አንድ ቤት አንድ ዓመት ካላመጣ ሌላ ቤት ያንን ምግብ ይሠራል፤ ጠረጴዛው ጎዶሎ አይሆንማ። አንዴ ካለፈ ደግሞ አይመለስም። ኤውስቶላ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇን ልትጠይቅ ሰሜን ሄዳ አንድ ሚካኤል ቀረችና የዱባ አበባ ወጧ ወደ ጎረቤቷ አለፈ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ እንዲያውም ሁሉም «አረፍሽ» አላት። ከዚያ በኋላ በኖረችበት ዘመን ሁሉ በየሚካኤሉ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ትቀመጥ ነበር፤ ሰሃን ሲሰጧት «እግዜር ይስጥልኝ» ትል ነበር፣ ልክ እንደ እንግዳ። እኔ ብዙ ዓመት ሰው ምንድን ነው እያልኩ ለተማሪዎች ሳስተምር ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ከኤውስቶላ ሁለት እጆች የተሻለ መልስ የሰጠኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። ሰው የሚሰጠው ነገር ሲያልቅበት ባይሞትም መጥፋት ይጀምራል።

ቼንቾም ያንን ነበር የሚያየው። ኒካኖራ በጾሙ ማብቂያ ልብስ ስታሰጣ ነው የወደቀችው። ሐኪሙ ሁሉንም ትሰማለች፣ ሁሉንም ትረዳለች፣ መናገር ግን ላይመለስላት ይችላል አለ። ቀኝ እጇም አብሮ ቀረ። ለጊዜው ሰው ሁሉ እየመጣ ይጠይቃት ነበር፤ ቆይቶ ግን በእሷ ፊት ስለ እሷ «እንዴት አደረች?» ብሎ ቼንቾን መጠየቅ ተለመደ። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦ «ይቻትና፣ ራሷን ጠይቃት!»

ቼንቾ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ከያውቴፔክ ከተማ ኩዋውትላ ከተማ ሲመላለስ ነው ያረጀው። በእሱ ዘመን የተሳፈረ ሁሉ የሚያወራለት አንድ ታሪክ አለ። ዝናብ ወንዙን ሞልቶት መንገዱ ተቆረጠ። ሌሎቹ ነጂዎች ወደ መናኸሪያ ዞሩ። እሱ ሞተሩን አጥፍቶ «ሰው አሳፍሬ ወደ ኋላ አልነዳም፤ ውሃው ይደክመዋል» አለና እዚያው አደረ። ተሳፋሪው ሰደበው፣ ለመነው፣ በመጨረሻ ተኛ። ጠዋት ውሃው ጎደለና ተሻገሩ። ብልህነት ነው ወይስ ግትርነት ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ውሃው ባይጎድል ኖሮ ሌላ ስም እንሰጠው ነበር እላለሁ።

ኒካኖራንም ያገኛት መናኸሪያው በር ላይ ነው፤ እሸት በብርጭቆ እየሸጠች። ከተጋቡ በኋላ ግን ወጥ ቤቷ ውስጥ እሱ እንግዳ ነበር። ማማሰያዋን ሲነካ እጁን በጨርቅ ትመታዋለች። «አንተ መሪህን ያዝ፣ እኔ ድስቴን» ትለው ነበር፣ አንደበቷ በነበረ ጊዜ። ስለዚህ ያን ቀን ትራንሲቶን ሸኝቶ ወደ ወጥ ቤቱ ሲገባ፣ ዕድሜ ልኩን የበላውን ምግብ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ድስቱ የትኛው እንደሆነ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከገበያ እሸት ገዝቶ መጣ። የገበያው እሸት ከሌላ ቦታ በመስኖ የሚበቅል ስለሆነ መስቀል አይጠብቅም፤ ለጋ ነው፤ ፍሬው በቢላ ጫፍ ሲነካ ወተቱ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ልጦ፣ ፍሬውን ከቆረቆንዳው ሸልቶ፣ ምድጃው አጠገብ የኒካኖራን ወንበር አቆመ።

«እይኝ እንግዲህ አሮጊቴ። ስሳሳት ንገሪኝ።»

ኒካኖራ ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች።

የመጀመሪያው ድስት መከራ ነበር። ሽንኩርቱ አረረ። እሳቱ እየነደደ ማዮኔዙን ገለበጠበትና ዘይትና ውሃ ሆኖ ተለያየ፤ በቆሎው በዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። አይቡንም ድስቱን ከእሳት ከማውረዱ በፊት ስለ ጨመረው እንደ ማስቲካ ማማሰያው ላይ ተጠመጠመ። ለኒካኖራ በማንኪያ አቀረበላት። ቀመሰች። ከዚያ ምላሷን አውጥታ በግራ እጇ በሽርጧ ጫፍ ጠረገችው።

«ገባኝ» አለ ቼንቾ። ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ አንተስ?»

«ይበላል።»

«ይበላል ማለት ምን ማለት ነው? የአውቶቡስ ጎማም ጥርስ ላለው ይበላል!»

«እንግዲያው አይበላም።»

«እንደሱ በለኝ።»

ሁለተኛው የባሰ ነበር፤ ኤፓሶቴ የምንለውን ሽታው ኃይለኛ ቅጠል በጭብጥ ስለ ጨመረበት ወጥ ቤቱ የሆድ ትል መድኃኒት የፈላበት መሰለ። ሦስተኛውን ውሻው አሽትቶ ተወው። በየቀኑ ከገበያ እሸት ተሸክሞ ሲያልፍ መንደሩ ቀልድ አበጀለት፤ ፀጉር አስተካካዩ «ዶን ቼንቾ፣ በቅሎ ገዛህ እንዴ?» ይለዋል፤ እሱ ሳይቆም «አዎ፣ ጠጉሩን እንድትቆርጥለት አመጣልሃለሁ» ብሎ ያልፋል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ለመጠየቁ ዘዴ አበጀለት። እስከዚያ ድረስ ይሠራና ይፈረድበት ነበር፤ ያን ቀን ግን ገና ምድጃውን ሳይለኩስ ያለውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደረና ወንበሩን ፊት ለፊት አዞረ። ሽንኩርቱን አነሳ።

«ይኼ መጀመሪያ?»

ኒካኖራ ዓይኗን ወደ ቅቤው መለሰች።

«አይደለም? ቅቤው መጀመሪያ?»

ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። አዎ ማለቷ ነበር።

«ከዚያ ሽንኩርት? ቃሪያውስ? አብሮ? ከእሸቱ በፊት? እሺ። ቅጠሉ?» አንድ ዘለላ አነሳ። ግራ እጇ በአየር ላይ ዝንብ እንደሚያባርር ተወራጨ። ከፈለው። ተወራጨ። አንድ ቅጠል ብቻ ሲቀረው ዓይኗ ተጨፈነ።

«አንድ?! ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቅጠል ነው ያበላሽን?»

የኒካኖራ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ቆየት ብሎ ነው መሳቋ መሆኑ የገባን። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ አይተናት አናውቅም ነበር።

ማዮኔዙ ላይ ሲደርሱ ተጣሉ። ቼንቾ ማሰሮውን አነሳ፣ ወደ ድስቱ አመለከተ፤ እሷ አልፈቀደችም። ክሬሙን አነሳ፤ አልፈቀደችም። ሎሚውን፣ አይቡን፣ ማንኪያውን ሁሉ አነሳ፤ እጇ ይወራጫል፣ ዓይኗ ግን አንድ ቦታ ተተክሏል።

«ምንድን ነው የምታዪው? ምድጃው ነው? ምድጃው ምን ሆነ? አበልጅ፣ ይህች ሴት ከመውደቋ በፊትም እንዲህ ነበረች፤ እንኳን ዝም ብላ ለፍልፋም አልገባችኝም...» እያለ ድስቱን ጣደና ብስጭት ብሎ መልሶ አወረደው። ዓይኗ ተጨፈነ፣ ተገለጠ። ቼንቾ ድስቱን ጣደው። ተወራጨች። አወረደው። ዓይኗ ተጨፈነ።

«ከወረደ በኋላ» አለ በሹክሹክታ። «ከእሳት ከወረደ፣ በረድ ካለ በኋላ!»

የዚያን ቀኑን ድስት እኔ ባመሰግነው አትመኑኝ፤ አበልጅ ነኝ። ግን ኒካኖራ ሊያጎርሳት የዘረጋውን ማንኪያ በግራ እጇ ነጠቀችና ራሷ ጎረሰች። እየተንጠባጠበባት፣ አገጯን እያበሰች ሰሃኑን ጨረሰችው። ቼንቾ ወደ ጓሮ ወጥቶ ለረጅም ጊዜ እንጨት ፈለጠ፤ ያን ጊዜ ግን የተፈለጠ እንጨት በቤቱ ሞልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለው። ትራንሲቶን መንገድ ላይ ሲያገኛት «ድስትሽን ለባቄላ አዘጋጂው» ይላታል። እሷም «እናያለን፣ ሚካኤል እንደ አውቶቡስ ቀጥ ብሎ አይጠብቅም» ትለዋለች።

የሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ መስቀሎቹን ይዘን ወደ እርሻው ወጣን። አበባው ሽታው እስከ ልብ የሚገባ ነው። ቼንቾ በየማዕዘኑ ተከለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጸለየ፤ ከዚያ ከረጢቱን አንግቦ ገባ። የመጀመሪያዋን እሸት ቀነጠሰ፣ ሽፋኗን ገለጠ፣ እንደ ልማዳችን ጥፍሩን ፍሬዋ ላይ ተከለ።

ወተት አልወጣም።

ሌላ ቀነጠሰ። ሌላ። ፍሬው ከጥፍሩ ሥር እንደ ሰም ይሰረጉዳል እንጂ አይፈነዳም። እሸትነቱ አልፎ፣ ጠንክሮ ግን ገና ያልደረቀ፣ ለመቀቀል የጠና፣ ለመፍጨት ያልደረሰ በቆሎ ነበር። ቼንቾ መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለ። እኔም ገባኝ። ኒካኖራ ሆስፒታል በነበረች ሰሞን፣ ሌላ በእጁ የሚያደርገው ሲያጣ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን እንዳረጠበ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ዘርቶ ነበር። ሌላ አገር ያለ ገበሬ አንዷን ገልጦ አይቶ ከሳምንታት በፊት ያውቀው ነበር። የእኛ ሰው ግን መስቀሉ ሳይተከል እጁን ወደ እሸቱ አይሰድም፤ ቼንቾም በየጠዋቱ በእርሻው ዳር እያለፈ፣ ቅጠሉን እያየ፣ አንዷንም ሳይነካ፣ በገበያ ለጋ እሸት ሲማር ከረመ። የተማረው ሁሉ የሌላ በቆሎ ትምህርት ነበር።

ትራንሲቶ እርሻዋ ከእሱ ጋር ይዋሰናል። መስቀሏን ተክላ ስታበቃ አየችንና ድንበሩን ተሻግራ መጣች። አንዷን አንስታ በጥፍሯ ሞከረች። አልሳቀችም።

«ከእኔ ውሰድ። የእኔ ዘግይቶ ነው የተዘራው፣ ወተት ነው። ማን ያያል?»

«ሚካኤል ያያል።»

«ሚካኤል ዛሬ ሰይጣን ሲያባርር ነው የሚውለው፣ ስለ በቆሎ ጊዜ የለውም።»

«የሰው እሸት አይሆንም፣ ትራንሲቶ።»

«እንግዲያው እኔ ልሥራው። ለአንድ ዓመት ብቻ።»

«ኤውስቶላንም እንደዚያ ነበር ያልናት» አለና ከረጢቱን ሞልቶ ተነሳ።

በበዓሉ ጠዋት ወጥ ቤት ገባን። ቼንቾ ያወቀውን ሁሉ በቅደም ተከተሉ አደረገ፤ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ አንድ ቅጠል። በቆሎው ግን እንደ ቆሎ ተንቋቋ። ውሃ ጨምሮ ቀቀለው፤ ቆይቶ ቀመሰው፣ መንጋጋውን አሠራ። ክሬሙ ከፍሬው ላይ ዝናብ ከድንጋይ እንደሚወርድ ወረደ። ኒካኖራ አንዲት ፍሬ ከአፏ አወጣችና መዳፏ ላይ አስቀምጣ ዘረጋችለት። እንደ መጀመሪያው ምላሷን ብታወጣ ይሻል ነበር።

እኔ ነኝ የተናገርኩት። «አበልጅ፣ በዚህ ዓመት ያደረግከው በቂ ነው። ማንም ሰው...»

«መምህር፣ ወይ አግዘኝ ወይ አፍህን ዝጋ» አለኝ። አገዝኩት፤ ማለትም አፌን ዘጋሁ።

ድስቱን ገፍቶ ተቀመጠ። በዚያ የወንዝ ዳር ሌሊትም ፊቱ እንዲህ ሆኖ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ተስፋ ያለው ሰው ፊት አልነበረም፤ ያለ ተስፋም የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። ጣቶቹን ያሻሻል። በቆሎውን ሲሸልት የተጣበቀበት ነጭ ነገር ጣቶቹ ላይ ደርቆ ዱቄት ሆኗል። ቆየና ጣቶቹን ወደ ብርሃኑ አነሳ።

«ወተቱ የትም አልሄደም» አለ። «ደርቆ ነው እንጂ እዚሁ ነው ያለው።»

ከዚያ ተነስቶ ጓሮ የነበረውን የድንጋይ ወፍጮ እያቃሰተ ጎትቶ አመጣው። ያልተቀቀለውን በቆሎ ጣለበትና በመጁ ላይ ጎነበሰ። ባለ ጡረታ አውቶቡስ ነጂ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲፈጭ ማየት የሚያስቅ ነበር፤ አልሳቅንም። በቆሎው ዱቄትም አይሆን ሊጥም አይሆን፤ ወፍራም፣ የሚጣበቅ፣ ቢጫና ነጭ ነገር ሆኖ ከወፍጮው ጫፍ ይወርዳል። ኒካኖራ በግራ እጇ ወንበሯን መታች። ቀና ሲል ወደ ወፍጮው አመለከተች። አስጠጋናት። እሷም እየተጎነበሰች በግራ እጇ ፍሬውን በጭብጥ በጭብጥ እያነሳች ከመጁ ፊት ታቀርብለት ጀመር፤ ልክ ሲጠይቃት፣ ልክ ሲያልቅበት። ለማንም የማይናገሩት ነገር ያላቸው ሁለት ሰዎች ሥራ ነበር።

የተፈጨውን በወተት በጥብጦ በቅቤውና በሽንኩርቱ ላይ አፈሰሰ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ድስቱ ከሥሩ እየከበደ መጣ፣ ማማሰያው መንገድ እየተወ፣ አረፋው ፈገግ እንደሚል ሰው ከንፈር ቀስ እያለ ይፈነዳ ጀመር። ሲቀቀል የቆየውን ፍሬ ጨመረበት፤ አሁን ጥርስም የሚያኝከው ነገር አገኘ። አወረደው። አበረደው። ማዮኔዙን ጨመረ። ክሬሙን ሙሉ ሊገለብጥ ሲል ኒካኖራ እጁን አንጓው ላይ ያዘችው። ጥቂት ብቻ አስወረደችው። በቆሎው ራሱ ክሬም ሆኖ ነበርና።

ያን ጊዜ እያየሁ አንድ ነገር ገባኝ፤ ጠርጥሬው የማላውቅ ነገር ነው። የኒካኖራ እሸት ሁልጊዜ አንድ ነው ብለን እንምል ነበር። አንድ ሆኖ አያውቅም። ዝናብ ያነሰበት ዓመት ወፍራም ነበር፤ ዝናብ የበዛበት ዓመት ቀጭን። እኛ ነን አንድ ያደረግነው፣ ከእሷ እጅ ስለ በላነው። ቼንቾ ሲፈልግ የከረመውን ልክ አላገኘውም፤ ልኩ የለምና። ያገኘው እሷ በየዓመቱ ታደርገው የነበረውን ነው፦ የመጣውን በቆሎ እምቢ ሳይሉ ማብሰል።

እርሻው ስንደርስ ሰው ሁሉ ቀድሞናል። ኒካኖራን ከነወንበሯ ተሸክመን በእርሻው መሃል አሳለፍናት፤ ቼንቾ ድስቱን በጨርቅ አቅፎ ከኋላ ይከተላል። ጠረጴዛው ሞልቷል። ባቄላው አለ፣ አረንጓዴው ወጥ አለ። በመሃሉ፣ የኒካኖራ ድስት በሚቀመጥበት ቦታ፣ የትራንሲቶ ድስት ተቀምጧል፤ አይቡ ከላይ እንደ በረዶ ነጭ።

ሰው ሁሉ ወደ ቼንቾ ዞረ። ከሚጫወቱት ልጆች በስተቀር።

«ትራንሲቶ፣ ድስትሽን አንሺ» አለ ቼንቾ።

«ስንጠብቃችሁ ቆየን። ሰው ይራብ?»

«አሁን መጣን። አንሺው።»

በጠረጴዛው ጫፍ የነበረው ዶን ዉልፍራኖ፣ ሰላም የሚወድ ሽማግሌ ነው፣ ጣልቃ ገባ። «ምን ችግር አለው ልጆች፣ ሁለቱም ይቀመጡ። እኔ ሁለቱንም እበላለሁ።»

«ዶን ዉልፍራኖ፣ ዘንድሮ ሁለት ከተቀመጠ ለከርሞ አንዱ ይቀራል» አለ ቼንቾ። «የሚቀረው ደግሞ ማንኛው እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ።»

ትራንሲቶ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እሺ፣ ግለጠው እስቲ።»

ገለጠው። የተጠበሰ ቂጣ ስባሪ አንስታ ጠለቀች። አየችው። ቂጣው ላይ እንደ ተራራ ቆሟል።

«ይኼማ ገንፎ ነው።»

«ቅመሺው።»

ቀመሰች። አላመጠች፤ ሌላ ስባሪ አነሳችና መልሳ ጠለቀች፤ ማድረጓን ራሷም ያወቀችው አይመስለኝም። «ይኼ እህቴ ትሠራው የነበረው አይደለም» አለች አፏ ሞልቶ።

«አይደለም» አለ ቼንቾ። «ከእህትሽ እርሻ ነው፣ እህትሽ ናት ለወፍጮው ያቀረበችው፣ እህትሽ ናት ክሬሙን የለካችው። ሌላ ምን እንዲሆን ፈልገሽ ነው?»

ትራንሲቶ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ኒካኖራ ግን ከወንበሯ ጎንበስ ብላ ግራ እጇን የትራንሲቶ ድስት ላይ አሳርፋ ነበር። ገፋችው። ድስቱ ከባድ ነው፣ እጇም ደካማ፤ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ገፋችው። ማንም አላገዛትም። ቼንቾ ራሱ ድስቱን እንዳቀፈ ቆሞ ጠበቀ። የድስቱ ሥር እንጨቱን እየጫረ በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት ይሄዳል። የኒካኖራ ግንባር ላይ ላብ ወጣ።

«እሺ፣ እሺ፣ እሺ!» አለች ትራንሲቶ። «ልጅ ሆነሽም እንዲህ ነበርሽ፤ አልጋ ላይ ወደ ግድግዳው ስትገፊኝ ነው ያደግሁት! ተይው፣ ራሴ አነሳዋለሁ።» ድስቷን አነሳችና ዙሪያዋን አየች። ከዚያ እሳቱ ዳር ለተቀመጡት ለወጣቶቹ ወሰደችላቸው፤ እነሱም በደስታ ጨረሱት፣ ጠረጴዛ ላይ ሆነ አልሆነ ምን ቸገራቸው።

ቼንቾ ድስቱን ቦታው ላይ አስቀመጠ። ጭልፋውን አንስቶ ሊጨልፍ ሲል ቆመ፣ አዞረውና እጀታውን ለሚስቱ ሰጣት።

ኒካኖራ ቀድታ አበላችን። በግራ እጅ ነው፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ይፈስሳል፣ ቼንቾ እየተከተለ ሰሃኑን ያስጠጋላታል። አዝጋሚ ነበር። ሰልፉ ረዘመ፤ ከሰልፉ የወጣ ግን አልነበረም። ደርሶኝ ሰሃኔን ስዘረጋ ቀና ብላ በዓይኗ መረመረችኝ፣ ይገባዋል ወይስ አይገባውም እንደምትል፤ ቆይታ ሞላችልኝ። ትራንሲቶ ከሁሉ ኋላ መጣች። ኒካኖራ ለእሷ ከድስቱ ሥር፣ ያረረውን፣ ሰው ሁሉ የሚሻማበትን ፈልቅቃ አወጣችላት።

«ጨው ያንሰዋል» አለ ዶን ዉልፍራኖ ከማዶ፣ ሰሃኑን እየላሰ።

«ለከርሞ» አለ ቼንቾ።

ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። መጁን ሲገፋ የዋለ መዳፉ ተልጦ ነበር፤ ደሙን ሱሪው ላይ ጠረገ። እርሻውን እያየ ስለ በዓሉ አንድ ቃል አልተናገረም። የሚያስበው ስለ ዘር ነበር። «ለከርሞ ላይኛውን ማሳ ቀድሜ፣ ታችኛውን ዘግይቼ እዘራለሁ» አለኝ፤ «ያኔ አንዱ ቢያልፍ ሌላው ለሚካኤል እሸት ይሆናል።»

ኒካኖራ ከወንበሯ ሰማችው። ግራ እጇን አንስታ በአየር ላይ አወራጨችው።

«እሺ፣ ላይኛውን ዘግይቼ» አለ። «ታችኛውን ቀድሜ?»

ዓይኗን ጨፈነች።